መልስ፦ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ተማሪው ራሱ ለወላጁ ቢያስረዳስ?

እህቴ፣ «ልጆቹ የስፖርት ውጤታቸውን ራሳቸው ለወላጅ ቢያስረዱ ያስኬዳል? ዓይናፋሮቹስ?» ላልሽው፣ በደንብ ያስኬዳል። ውጤቱ በዓይን የሚታይ ትምህርት ነዋ! እኔ ለእያንዳንዱ ልጅ 10 ደቂቃ እሰጣለሁ። ደብተሩን ይዞ ይመጣል፤ መጀመሪያ ላይ በ1 ደቂቃ ስንት ጊዜ ገመድ እንደዘለለ እዚያ ጽፎታል። ያነብላቸውና እዚያው ይዘላል። የሚቆጥረው ወላጅ ነው። አንዴ አንድ አባት ቆጠራው ጠፍቶበት፣ ልጁ እያለከለከ «አባዬ፣ በቃ እንደገና!» ሲለው ሁላችንንም አሳቀን። ቀጥሎ ምን ማሻሻል እንደሚፈልግም ራሱ ይናገራል።

ዓይናፋሮቹን ቀደም ብለሽ ከጓደኛቸው ጋር አለማምጃቸው። እጃቸው ላይ ኳስ ካለ አፋቸው ይፈታል። አንቺ ዳር ቆመሽ ዝም በይ (እሱ ነው የሚከብደው)። የልጁ የሰውነት ክብደት ግን በፍጹም አይወራ፤ ከሌላ ልጅ ጋር ማወዳደርም እንደዚያው።