«ክብደት ይቀንሱ» ማለት ብቻ ለምን አይሠራም?

ጥያቄ፦ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ነኝ። የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ያለባቸው አንዲት ታካሚ 95 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ቁመታቸው 1.68 ሜትር ነው። በመጡ ቁጥር «ክብደት ይቀንሱ» እላቸዋለሁ፤ ለውጥ ግን የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምክርዎ ልክ ነው፤ ነገር ግን ታካሚዋ ቤታቸው ገብተው የሚያደርጉትን አይነግራቸውም። በቅድሚያ «ስለ ክብደትዎ ብንነጋገር ፈቃድዎ ነው?» ብለው ይጠይቁ። እንደተወቀሰ የተሰማው ታካሚ ቀጠሮውን ይተዋል።

ኪሎው ለቁመቱ ስኩዌር (ቁመቱ በራሱ ተባዝቶ) ሲካፈል 33.7 ይመጣል፤ 30 እና ከዚያ በላይ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው። ወገባቸውንም ይለኩ። ሜትሩ የሚያልፈው በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት አናት መካከል እንጂ ቀበቶ በሚታሰርበት ቦታ አይደለም።

ስለ ምግብ ከማውራትዎ በፊት የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች አንድ በአንድ ይመልከቱ። ይህ በጣም የሚዘነጋ ሥራ ነው! የስኳር መድኃኒቶቹ ኢንሱሊንና ግሊቤንክላማይድ፣ ስቴሮይዱ ፕሬድኒሶሎን፣ የድብርት መድኃኒቱ አሚትሪፕቲሊንና የአእምሮ ሕመም መድኃኒቱ ኦላንዛፒን ክብደት ሊጨምሩ ይችላሉ። በራሳቸው እንዳያቋርጡ ግን አጥብቀው ይንገሯቸው፤ የሚቀየር ካለ ሐኪሙ ይወስን።

የመጀመሪያው ግብ በ6 ወር 5 በመቶ፣ ማለትም 5 ኪሎ ገደማ ይሁን፤ ያን ያህሉም ግፊትንና ስኳርን ያሻሽላል። በአንድ ለውጥ ይጀምሩ፤ ለምሳሌ ጣፋጭ መጠጥን በውኃ መተካት። በየ2 ሳምንቱ በዚያው ሚዛን ይመዝኗቸው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ከሆነ አመጋገባቸው ሲቀንስ ስኳራቸው ከልክ በታች ሊወርድ ስለሚችል የመድኃኒቱ መጠን አስቀድሞ ይከለስ።

ከወራት በኋላ ሚዛኑ ባለበት ቢቆም ስንፍና ነው አይበሉ። የቀለለ ሰውነት የሚፈጀው ጉልበት ያንሳል፤ ረሃቡም ይበረታል።