ጂም የሚፈጅብኝን ሁለት ሰዓት እንዴት ላሳጥረው ላልከው

ሰላም ወንድሜ። ከሥራ ወጥተህ ጂም ስትገባ ሁለት ሰዓት እንደሚፈጅብህ፣ ቤት ስትደርስም ልጆቹ ተኝተው እንደምታገኛቸው ጽፈሃል። ጥንካሬዬ ሳይቀንስ ሰዓቱን ማሳጠር ይቻላል ወይ ነው ጥያቄህ። ይቻላል። እኔ የምሠራው በምሳ ሰዓት ነው። ሻወሩን ጨምሮ ያለኝ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። እንዲህ መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ የማነሳው ክብደትም ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

መጀመሪያ ሰዓቱ የት እንደሚሄድ እንየው። አንድ ዙር ቤንች ፕረስ (ተንጋለህ ብረት ከደረትህ ወደ ላይ መግፋት) 10 ጊዜ ብትገፋ 40 ሰከንድ ገደማ ነው። ከዚያ ሁለት ደቂቃ ተኩል ታርፋለህ። ሦስት ዙር ቤንች ጨርሰህ ሦስት ዙር ሮው (ብረት ወደ ራስህ መሳብ፣ ለጀርባ) ስትሠራ 19 ደቂቃ ይሄዳል። ከዚያ ውስጥ ብረት የያዝክበት 4 ደቂቃ ብቻ ነው። ሌላው ዕረፍት ነው፤ ያውም ስልክ ካልነካህ። ቲክቶክ ከተከፈተማ ሁለት ደቂቃ ተኩሉ አምስት መሙላቱ አይታወቅህም።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ዕረፍቱን ይቆርጣል። 30 ሰከንድ አርፎ ይመለሳል። ይሄ አያዋጣም። ጡንቻው ስላላገገመ በመጀመሪያው ዙር 10 ጊዜ የገፋኸው በሦስተኛው አምስት ላይ ያቆምሃል፣ አለዚያ ክብደት ትቀንሳለህ። ላብ በላብ ሆነህ ትወጣለህ፤ የሠራኸው ሥራ ግን አንሷል።

የሚያዋጣው ማጣመር ነው። ደረትህ ሲያርፍ ጀርባህን አሠራው። ቤንች ትገፋለህ፣ አንድ ደቂቃ ታርፋለህ፣ ሮው ትስባለህ፣ አንድ ደቂቃ ታርፋለህ፣ ወደ ቤንች ትመለሳለህ። አስላው፦ ደረትህ እስኪመለስ 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ አርፏል። ማለትም ዕረፍቱ አልተነካም። ስድስቱ ዙር ግን በ10 ደቂቃ አለቀ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትንፋሽ ሊያጥርህ ይችላል፤ ሰውነትህ ይለምደዋል።

የምታጣምረው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሠሩ ጡንቻዎችን ነው። የትከሻ ፕረስን (ብረት ከትከሻ ወደ ላይ መግፋት) ከላት ፑልዳውን (ከላይ ያለውን ዘንግ ወደ ደረት መሳብ)፣ ባይሴፕስን (የክንድ ፊት) ከትራይሴፕስ (የክንድ ጀርባ)፣ ሌግ ኤክስቴንሽንን (በመሣሪያ ጉልበትን መዘርጋት) ከሌግ ከርል (ጉልበትን ማጠፍ)። ዴድሊፍትን (ብረት ከመሬት ማንሳት) ከሮው ጋር ግን እንዳታደርግ፤ ሁለቱም ወገብህንና የእጅህን አያያዝ ያደክማሉ። ከባድ ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ ይዞ ቁጭ ብድግ) እና ዴድሊፍት ለብቻቸው ይሠሩ። እዚያ ላይ ሁለትም ሦስትም ደቂቃ እረፍ፣ አትሰስት።

አሁን «ጂሙ ይጨናነቃል» ትለኛለህ። ማታ 12 ሰዓት ላይ የአዲስ አበባ ጂም ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ሁለት መሣሪያ ይዤ ልዙር ብትል ይጣሉሃል፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ የሚያልቅ ጥምር ምረጥ። አንድ አግዳሚና አንድ ጥንድ ዳምቤል (በአንድ እጅ የሚያዝ አጭር ብረት) ይበቃል። ተንጋለህ በዳምቤል ደረት ትገፋለህ፣ ከዚያ እዚያው አግዳሚ ላይ በአንድ እጅ ተደግፈህ በሌላው ሮው ትስባለህ። ማንንም አታስጠብቅም። መሣሪያው ላይ ሰው ካለ ደግሞ «በየተራ እንሥራ?» በለው። አብዛኛው ሰው እሺ ይላል፤ እሱ ሲሠራ አንተ ታርፋለህ።

ካያያዝከው ዝርዝር እንዳየሁት ለደረት ብቻ አምስት ዓይነት ትሠራለህ። ሰዓትህን በአብዛኛው የበላው ይሄ ይመስለኛል። አንድ ከባድ ግፊት ደረቱንም፣ የፊት ትከሻውንም፣ ትራይሴፕሱንም ያሠራል። አንዱን በደንብ ሠርተህ በየጊዜው ትንሽ ክብደት ብትጨምርበት ከአምስቱ ይሻልሃል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ዋና ዋና ጡንቻዎችን ሁሉ ማሠራት ነው። ስድስት ቀን መሄድ ግዴታ አይደለም።

እኔ አንተን ብሆን በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሁለት ዓይነት ፕሮግራም እያፈራረቅኩ እሠራ ነበር። አንዱ ቀን ስኳት ለብቻው፣ ቀጥሎ ቤንች ከሮው፣ መጨረሻ ላይ ባይሴፕስ ከትራይሴፕስ። ሌላው ቀን ዴድሊፍት ለብቻው፣ ቀጥሎ የትከሻ ፕረስ ከላት ፑልዳውን፣ ከዚያ ሌግ ፕረስ (በመሣሪያ ላይ ክብደት በእግር መግፋት)። ሁሉም ሦስት ሦስት ዙር፣ ከ6 እስከ 12 ጊዜ። ማሟሟቂያውን ጨምሮ 45 ደቂቃ አካባቢ ነው።

ማሟሟቂያ ስልህ 20 ደቂቃ ትሬድሚል ማለቴ አይደለም። በ60 ኪሎ ስኳት ልትሠራ ከሆነ ባዶውን 20 ኪሎ ባር 10 ጊዜ፣ 40 ኪሎ 5 ጊዜ፣ 50 ኪሎ 2 ጊዜ ሠርተህ ግባ። ልትሠራው ያለውን እንቅስቃሴ ራሱን በቀላሉ መጀመር ይበቃል። ጠዋት በብርድ ከሆነ ሦስት አራት ደቂቃ ብስክሌት ብትጨምር አልጠላም።

የሆድ ስፖርቱን በተመለከተ፣ ቦርጭ ለማጥፋት ብለህ 15 ደቂቃ የምታጠፋ ከሆነ ተወው። የአንድ ቦታ ስብ ያንን ቦታ በማሠራት ተለይቶ አይቀልጥም። እሱ የሳህኑ ጉዳይ ነው።

ሰዓት በጣም ባጠረበት ቀን ለክንድ ድሮፕ ሴት ሞክር። አቅምህ እስኪያልቅ ትሠራለህ፣ ወዲያው ክብደቱን ከ20 እስከ 25 በመቶ ቀንሰህ ትቀጥላለህ፣ አንዴ ትደግመዋለህ። አለቀ። ስኳትና ዴድሊፍት ላይ ግን እንዳትሞክረው፤ ሲደክምህ ወገብህ ይጎብጣል።

በጾም ወቅት ጉልበት ሲያጥርህ ሦስቱን ዙር ሁለት አድርገው፣ ክብደቱን ግን የቻልከውን ያህል ጠብቀው። የያዝከው ጥንካሬ እንዳይሄድብህ የሚረዳው እሱ ነው።

የወገብ ወይም የጉልበት ሕመም እንዳለህ አልጻፍክም። ካለህ ዴድሊፍቱን ከመጀመርህ በፊት ሐኪም አማክር፣ እዚህም ጻፍልን፤ የሚተካውን አብረን እናያለን።