ባሕሩ እንደ ሐይቃችን አይደለም፤ ግን ሂዱ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ ከእንግሊዝ ደወለችልኝ። ማስተርሷን እየተማረች ነው። ጓደኞቿ ቅዳሜና እሁድን ባሕር ዳርቻ እናሳልፍ ብለዋት ነበር። እሷ ግን የማስረክበው ጽሑፍ አለብኝ ብላ ቀረች። ጽሑፉን ካስረከበች ሳምንት አልፏታል። "ጋሼ፣ እናቴ ጉሊት ተቀምጣ እኔ አሸዋ ላይ ልጋደም?" አለችኝ።

ይህን ጥያቄ በደንብ አውቀዋለሁ። እንግሊዝ አገር ስማር ስንት ግብዣ በዚሁ ምክንያት መልሻለሁ። የተማሪ ቪዛ ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት 20 ሰዓት ብቻ ነው የሚያሠራው። እኔ ሃያዋን ሰዓት ቅዳሜና እሁድ ላይ እጨርሳለሁ። ሌላውን ቀን ላይብረሪ ነኝ። አንድ ቀን መጽሐፍ ገልጬ አንዱን ገጽ ሰዓት ሙሉ አየሁት። አንድ መስመር አልገባኝም። ማታ ለእናቴ ስነግራት "የኔ አለም፣ በሬም እኮ ቀንበር ይፈታለታል" አለችኝ። ልጇ እንዲያርፍ የማትፈልግ የወሎ እናት አላውቅም። የሥራ ብዛት ያጎበጣት እናት እንኳ ቡናውን አቦል ላይ አትተወውም። ቶናውን ጠጥታ፣ በረካውን ጠብቃ፣ መርቃ ነው የምትነሳው። እናንተ የምትሸሹትን እረፍት እሷ በየቀኑ ጊዜ ትሰጠዋለች።

ስለዚህ ውጭ የምትማሩ የወሎ ልጆች፣ አብሽሩ፤ ሂዱ። እንዴት እንደምትሄዱ ግን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የፓስፖርቱ ነገር። አውሮፓዊ ጓደኞቻችሁ "ርካሽ ትኬት ተገኘ፣ ባርሴሎና እንሂድ" ይሏችኋል። እነሱ መታወቂያ አሳይተው ይገባሉ። የእንግሊዝ የተማሪ ቪዛ ግን ስፔን አያስገባም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለብቻው የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም የብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ፣ ያስፈልጋል፤ ቀጠሮውም ሳምንታት ይፈጃል። ትኬት ቆርጦ አየር ማረፊያ ላይ የተመለሰ ልጅ አውቃለሁ። ገንዘቡ አልተመለሰለትም። ያላችሁበት አገር ዳርቻ አለው፤ ከዚያ ጀምሩ። ከለንደን ብራይተን በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ዳርቻው ጠጠር ነው። አሸዋ ከፈለጋችሁ ቦርንመዝ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 25 ለሆኑ የባቡር ቅናሽ ካርድ አለ። ከዚያ በላይ ብትሆኑም የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆናችሁ ታገኙታላችሁ። ከዋጋው አንድ ሦስተኛውን ይቀንሳል።

ገንዘብን በተመለከተ ከመነሳታችሁ በፊት ተናገሩ። እኛ አገር አንዱ "እኔ እከፍላለሁ" ብሎ ይነሳል፤ ሌላው ይግደረደራል። እዚያ ሁሉም የየራሱን ነው። "እኔ ያለኝ ይህን ያህል ነው፤ ደርሶ መልስ ብቻ እችላለሁ" ማለት ነውር አይደለም። እኔ ስናገር ሌሎቹም ያው ችግር እንዳለባቸው አወቅሁ። አንዱ ከጋና፣ አንዷ ከሕንድ ነበሩ፤ ሁለቱም ቤተሰብ ይረዳሉ። ከዚያ በኋላ ምግባችንን ይዘን መሄድ ጀመርን። ቡና በፔርሙዝ፣ እናቴ የላከችው ዳቦ ቆሎ በፌስታል። የሕንዷ ልጅ ዳቦ ቆሎውን እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች።

ስለ ሃይማኖት የሚጨነቅ አለ፤ ደግ ነው፤ መጨነቁን አልነቅፍም። የሚገርማችሁ ግን የምትለብሱትን ማንም አያይም። እጅጌ ያለው ቲሸርትና ረዥም ቁምጣ ይበቃል፤ መላ ሰውነትን የሚሸፍን የዋና ልብስም በየሱቁ ይሸጣል። አብሮኝ የሄደ የባቲ ልጅ ፎጣውን አሸዋው ላይ ዘርግቶ ሲሰግድ ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። መጠጥ ካልጠጣችሁ አንዴ ንገሯቸው፤ ይበቃል። አንድ ነገር ግን ጠይቁ። ባሕሩ ዳርቻ ላይ የሚሸጠው የተጠበሰ ድንች በአንዳንድ ቤት፣ በተለይ ወደ ሰሜን፣ በበሬ ሞራ ነው የሚጠበሰው። የፍልሰታ ጾም የሚውለው እዚያ በጋው በሚደምቅበት ሰሞን ነው። ለጿሚውም፣ ሐላል ለሚፈልገውም "በምንድነው የጠበሳችሁት?" ማለት ግድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

እኔ ያደግሁት ሐይቅ ከተማ ነው። ዛሬም ተመልሼ የምኖረው እዚያው ነው። ከእስጢፋኖስ ገዳም ወዲህ ያለውን ዳርቻ ድንጋይ በድንጋይ አውቀዋለሁ፤ ዋናም የለመድኩት እዚያው ነው። ሐይቃችንም ሰው ይወስዳል፤ አልክድም። ግን ውሃው ባለበት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ይናወጣል እንጂ ተነስቶ አይሄድም። ባሕር ይሄዳል። በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ጠዋት ቦርሳ ያስቀመጣችሁበት ቦታ ከሰዓት ውሃ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ገደል ሥር ከሆናችሁ ደግሞ መመለሻ ያሳጣችኋል።

በሁለተኛው ዓመቴ ጠባቂ፣ ማለትም ዋናተኞችን የሚከታተል ነፍስ አድን ሠራተኛ፣ በሌለበት ዳርቻ ገባሁ። ውሃው ደረቴ ድረስ ነበር። ግራና ቀኝ ማዕበሉ ይሰበራል፤ መሐል ላይ ጸጥ ያለ ሰርጥ አየሁ። ይሻላል ብዬ ወደዚያ ሄድኩ። የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ነው። ማዕበሉ ወደ ዳር የገፋው ውሃ ተመልሶ ወደ ባሕሩ የሚወጣው በእንደዚያ ያለ ሰርጥ ነው። እነሱ ሪፕ ከረንት ይሉታል። ቀና ስል ጓደኞቼ ያነጠፉት ሰማያዊ ፎጣ መሐረብ አክሏል። ወደ እሱ ዋኘሁ። በዋኘሁ ቁጥር ፎጣው ያንሳል። ክንዴ ዛለ። መጮህ ፈልጌ ድምፄ አልወጣ አለ።

ያዳነኝ መድከሜ ነው። መዋኘት ሲያቅተኝ በጀርባዬ ተንጋለልኩ። ጨዋማ ውሃ ከሐይቅ ውሃ ይልቅ ሰውን ያንሳፍፋል። ጅረቱ ወደ ታች አይጎትትም፤ ወደ ውጭ ነው የሚወስደው። ትንፋሼ ሲመለስ ወደ ዳር ሳይሆን ወደ ጎን፣ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ዋኘሁ። ማዕበሉ የሚሰበርበት ቦታ ስደርስ ራሱ ገፍቶ አወጣኝ። አሸዋው ላይ በጉልበቴ ተደፍቼ ለረዥም ጊዜ አልተነሳሁም።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ ጠባቂ ያለበት ዳርቻ ብቻ ግቡ። እንግሊዝ ውስጥ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ቢጫ የሆነ ባንዲራ ሁለት ቦታ ይተከላል። በሁለቱ መሐል ነው የሚዋኘው። ቀይ ብቻውን ከተሰቀለ ማንም አይገባም። ብርቱካናማ የነፋስ ከረጢት ካያችሁ በአየር የሚነፋ ተንሳፋፊ ይዛችሁ አትግቡ፤ ነፋሱ ወደ ባሕር ይወስዳችኋል። ውሃው በነሐሴም ቀዝቃዛ ነው። ድንገት ከገባችሁ ትንፋሽ ያሳጥራል። ያኔ አትታገሉ፤ ጭንቅላታችሁን ወደ ኋላ ጥላችሁ፣ ጆሯችሁ ውሃ ውስጥ ሆኖ አንድ ሁለት ደቂቃ ተንሳፈፉ፤ ያልፋል። ሰው ሲወሰድ ካያችሁ ዘላችሁ አትግቡ። 999 ደውሉና ኮስትጋርድ በሉ፤ የባሕር ነፍስ አድኖቹ ማለት ነው። ዋና የማትችሉ ከጉልበት በላይ አትግቡ፤ ባሕሩን ለመደሰት መዋኘት አያስፈልግም።

ፀሐዩንም አትናቁት። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚባለው ልክ አይደለም፤ ትከሻዬ ተልጦ አይቻለሁ። የመከላከያ ቁጥሩ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ክሬም ተቀቡ፤ ከውሃ ስትወጡ ድገሙት።

አባቴ የከባድ መኪና ረዳት ነበር። ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ አሰብ ይወርድ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ መስመሩ ተዘጋ፤ እሱም ከዚያ በኋላ ባሕር አላየም። ልጅ ሳለሁ አንድ ዛጎል አምጥቶልኝ ጆሮዬ ላይ አድርጎ "ስማው" ብሎኛል። መጀመሪያ ቦርንመዝ የሄድኩ ቀን ደውዬለት ስልኩን ወደ ማዕበሉ አዞርኩት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ "እሱ ነው" አለኝ።

የኮምቦልቻዋ ልጅ ለመጪው ቅዳሜ ትኬት ቆርጣለች። እዚያ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን እዚህ 12 ነው፤ እናቷ ከጉሊት የምትገባበት ሰዓት። ያኔ ደውዪላት፣ ስልኩንም ወደ ባሕሩ አዙሪላት ብያታለሁ።