ብሬስ ያሰረችው ልጄ ድዷ ጥርሷን እየሸፈነ ነው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ15 ዓመት ልጄ ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ብረት) ካሰረች 8 ወር ሆኗታል። አሁን የፊት ድዷ አብጦ ብረቶቹን ሊሸፍን ምንም አልቀረውም። ስትቦርሽ ይደማል። ደሙን ፈርታ የፊቱን ትታ የኋላውን ብቻ ነው የምትቦርሸው። ካንሰር ይሆን? ብሬሱስ ይውጣላት?
እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እናት፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። ግን ከጻፉልኝ ውስጥ ካንሰር የሚያስጠረጥር ነገር አላየሁም። ብሬስ ባሰሩ ልጆች ላይ የድድ ማበጥ በጣም የተለመደ ነው።

ዛሬ ማታ ከቦረሸች በኋላ ከብረቱ በላይ፣ ድዱ ጥርሱን በሚነካበት መስመር ላይ፣ የስቲኪኒ ጫፍ ቀስ አድርገው ያስኪዱ። እንደ ሊጥ ያለ ነጭ ነገር ይዞ ከወጣ ጥፋተኛው እሱ ነው። የምግብ ትርፍራፊ ብቻ አይደለም፤ ባክቴሪያ ነው። ድዱን ያስቆጣዋል፣ ድዱ ያብጣል። ሲያብጥ ደግሞ ብሩሽ የማይገባበት ኪስ ይፈጠራል፤ እዚያ ውስጥ ሌላ ቆሻሻ ይጠራቀማል። በዚህ ላይ የጉርምስና ሆርሞን ድድን በቀላሉ እንዲቆጣ ያደርገዋል። አፏን ከፍታ የምትተኛ ከሆነም የፊት ድዷ እየደረቀ ይባባሳል።

አሁን ዋናውን ልንገርዎ። የሚደማው ብሩሹ ስላቆሰላት ሳይሆን ድዱ ስለተቆጣ ነው። የሚደማውን ቦታ ስትተወው ይብስበታል። ስለዚህ በደንብ መቦረሽ ያለባት እዚያው የሚደማው ላይ ነው፤ በለስላሳ ብሩሽ፣ ሳትጫን። መስታወት ፊት ትቁም። ብሩሹን ወደ ድዱ አዘንብላ መጀመሪያ ከብረቱ በላይ፣ ከዚያ ከብረቱ በታች ትቦርሽ። ለጥርስ መሃል የሚሆነውን ትንሹን ብሩሽ ደግሞ ከሽቦው ስር ታስገባው። መፋቂያ የለመደች ብትሆንም ከሽቦው ስር አይደርስላትም። በደንብ ከያዘችው ደሙ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ሳምንት ይቀንሳል። እብጠቱ ግን ጊዜ ይፈልጋል።

በጨው ውሃ መጉመጥመጥ ያስታግሳል እንጂ ቆሻሻውን አያነሳም። ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን ገዝተው እንዳይሰጧት፤ ለዚህ አይረዳትም።

ብሬሱን ለማስወጣት አይቸኩሉ። ቀጠሮዋን ሳይጠብቁ ግን ብሬሱን ላሰረላት ሐኪም ያሳዩዋት። ጥርሷን ያጥብላታል፤ ካስፈለገ ለአጭር ጊዜ ክሎርሄክሲዲን በሚባል ጀርም ገዳይ መጉመጥመጫ እንድትጉመጠመጥ ያዝላታል። ሲቆይ ጥርስ ስለሚያጠቁር ከታዘዘው ቀን አታሳልፈው። አንዳንዴ ድዱ እስኪያገግም ሽቦው ለጊዜው ይነሳል። ብሬሱ ከወጣ በኋላም አብዛኛው እብጠት በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይሟሽሻል። ጠጥሮ የቀረ ካለ በማደንዘዣ በምላጭ ወይም በሌዘር ይስተካከላል። ንጽህናው ካልተስተካከለ ግን ተመልሶ ይመጣል።

የምትወስደው መድኃኒት ካለ ለሐኪሟ ይንገሩ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን፣ ለደም ግፊት የሚሰጡት አምሎዲፒንና ኒፌዲፒን፣ እንዲሁም የሰውነትን የመከላከል አቅም ለመቀነስ የሚሰጠው ሳይክሎስፖሪን ድድ ሊያሳብጡ ይችላሉ። በራስዎ ግን አያስቁሟት።

ድዷ ሳይነካ የሚደማ ከሆነ፣ ወይም ትኩሳት፣ መገርጣት፣ ክብደት መቀነስ ወይም ሳትመታ ሰውነቷ ላይ የሚወጣ ሰማያዊ ምልክት ካዩ ግን የጥርስ ቀጠሮ አይጠብቁ። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ወስደው የደም ምርመራ ያሰሩላት።