መልስ፦ ጭላዳ ሣር በል ከሆነ ከገበሬው ጋር ምን ያጣላዋል?

አንድ አንባቢ ጭላዳ፣ ማለትም የደጋው ሣር በል ዝንጀሮ፣ ከገበሬው ጋር ለምን እንደሚጣላ ጠይቀዋል፤ ባህሪውን ማጥናት ለጥበቃ ምን ይጠቅማል ብለውም አክለዋል። ሁለቱም ጥያቄዎች አንድ መልስ አላቸው።

ጭላዳን ጠዋት ሲግጥ ጠጋ ብለው ይመልከቱት። ቁጭ ብሎ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ሣሩን ይነጫል፤ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ይሰደዋል፤ ሳይነሳ ፈቀቅ ብሎ ደግሞ ይቀጥላል። አብዛኛው ቀኑ በዚህ ያልፋል። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ሥር ቆፍሮ ይበላል። ሌሊት ከነብርና ከጅብ ለመዳን ገደል ላይ ያድራል። ስለዚህ ገደልና ግጦሽ የተጎራበቱበት መሬት ከሌለ አይኖርም። ያ ሜዳ ታርሶ ገብስ ሲዘራበት የት ይሂድ? ገብስም እኮ የሣር ዘር ነውና ይበላዋል! ዝንጀሮውን ሌባ ማለት ያሳዝነኛል።

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጓሳ የሣር ምድር የታየው ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል በዝግታ እየተራመደ አይጥ ያድናል፤ ግልገሎቹን አይነካም፤ መንጋውም አይሸሸውም። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በመንጋው መካከል ሲያድን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ገደማ ይሳካለታል፤ ለብቻው ሲሆን ግን ከአራት አንዱ ብቻ። ውሻ ሲመጣ ግን መንጋው ወደ ገደሉ ይሮጣል። ውሻው ለቀበሮውም የእብድ ውሻ በሽታ ያመጣበታል። ስለዚህ ጓሳን የሚጠብቅ ሰው ሣሩን ከአጨዳና ከከብት ከመከልከል ጋር የመንደሩን ውሾች ማስከተብ አለበት። የመንዝ ሰዎች ሣሩን ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጉ ለዘመናት ጠብቀውታል፤ ጭላዳውም እስካሁን እዚያው ይግጣል።