ፐርል ላይ ማንም በፈለገው ፓስወርድ ሲገባ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ለመሥሪያ ቤታችን በፐርል የፕሮግራም ቋንቋ የመግቢያ ገጽ ሠራሁ። ዩዘርኔምና ፓስወርድ ከቴክስት ፋይል ነው የሚያነበው። በ == ሳወዳድር አንዳንዱ ያሻውን ፓስወርድ ጽፎ ይገባል። ወደ ኢኪው (eq፣ የጽሑፍ ማወዳደሪያው) ስቀይረው ደግሞ ማንም አይገባም። ሲሳሳቱስ ምን ብዬ ልመልስላቸው?»

ወንድሜ፣ ፐርል ላይ == የቁጥር ማወዳደሪያ ነው። ግራና ቀኙን ወደ ቁጥር ይለውጣል፣ በፊደል የሚጀምር ፓስወርድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለሱ ዜሮ ነው። ፋይሉ ላይ ያለው «ሰላም» ሆኖ ሰውዬው «ቡና» ቢል ዜሮ ከዜሮ እኩል ነው፣ ግባ ይለዋል። ፓስወርዱ 4521 የሆነው ሰው ደህና ይመስላል እንጂ እሱም አልተረፈም፣ ከ4521 ኋላ የፈለከውን ፊደል ብትቀጥል ያስገባሃል። ዩዝ ዋርኒንግስ (use warnings) የሚለው የማስጠንቀቂያ ትእዛዝ ስክሪፕቱ አናት ላይ ቢኖር ኖሮ ገና በመጀመሪያው ቀን ይነግርህ ነበር።

ስለዚህ ኢኪው ልክ ነው፣ አትመልሰው። ማንም ያልገባው ከፋይል የተነበበው መስመር ጫፉ ላይ የመስመር መስበሪያ ይዞ ስለሚመጣ ነው። == እሱን አያይም፣ ኢኪው ግን ያያል። ለማረጋገጥ አንድ የሙከራ ፓስወርድ በቅንፍ ከበህ ተርሚናል ላይ ፕሪንት አድርገው። መዝጊያው ቅንፍ ወደ ታች ወርዶ ካየኸው በቃ፣ የመስመር መስበሪያውን የሚቆርጠው ቾምፕ (chomp) ያስፈልግሃል። ፋይሉ ዊንዶውስ ላይ ተጽፎ ሰርቨሩ ሊኑክስ ከሆነ ግን ቾምፕ ብቻውን አይበቃም፣ አንድ የማይታይ ምልክት ይቀራል፣ እና መጨረሻው ላይ ያለውን ባዶ ቦታ ሁሉ በሬጅክስ (ጽሑፍ ፈልጎ በሚተካ ቀመር) ጥረገው።

ወደ መልእክቱ ስንመጣ፣ ዩዘሩ ባይኖርም ፓስወርዱ ቢሳሳትም አንድ ዓይነት መልስ ስጥ፦ «የተጠቃሚ ስም ወይም የይለፍ ቃል ትክክል አይደለም»። «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» ካልክ የሰራተኛ ስም ለሚገምት ሌባ መንገድ ጠቆምከው ማለት ነው። ፋይሉ አልከፈት ሲል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሰው ያለጥፋቱ ፓስወርዱን ደጋግሞ እየጻፈ አይሰቃይ፣ «ለጊዜው መግባት አልተቻለም፣ ቆይተው ይሞክሩ» በለው። ትክክለኛውን ምክንያት በዋርን (warn) ትእዛዝ ወደ ሰርቨሩ ኤረር ሎግ፣ ማለትም የስህተት መዝገቡ፣ ላከው፣ የተጻፈውን ፓስወርድ ግን ሎግ ላይ እንዳታወጣው። ዝም ብለህ ፕሮግራሙን በሚያቋርጠው ዳይ (die) ካቆምከውና ከገጹ ቀድሞ የሚላከው ሄደር ገና ካልወጣ ሰዉ የሚያየው ያንን ደረቅ የ500 የሰርቨር ስህተት ገጽ ነው። ስህተትን ብራውዘር ላይ የሚያሳየው ፌታልስ ቱ ብራውዘር (fatalsToBrowser) ገጹን ገና ስትሠራ ይጠቅማል፣ ሥራ ላይ ሲውል ግን የፋይሎችህን አድራሻ ለመንገደኛ ሁሉ ስለሚያሳይ አውጣው።

ፓስወርዱን እንዳለ ፋይል ላይ ማስቀመጡንም ተወው፣ በቢክሪፕት (bcrypt) ሞጁል ሃሽ አድርገህ፣ ማለትም ወደ ኋላ ወደማይመለስ ኮድ ቀይረህ፣ ያዝ። ያኔ ማወዳደሩም የኢኪው ሳይሆን የሞጁሉ ሥራ ይሆናል። ፋይሉም በብራውዘር ከሚደረስበት ፎልደር ይውጣ፣ ዛሬውኑ።