ሰው ያልነካካው ሰማያዊ ስፒኔል፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰሞኑን 1.32 ካራት የምትመዝነውን ሰማያዊ ስፒኔሌን፣ ማለትም ስፒኔል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ፣ ካሳየኋችሁ ወዲህ ጥያቄው ጎርፏል። ድንጋዩ የስሪላንካ ነው። አልተጠበሰም፣ ቀለም አልገባበትም፣ ስንጥቁ በምንም አልተሞላም። ተቆርጦ ከመለስለሱ በቀር ከመሬት እንደወጣ ነው። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ስፒኔልና ሰንፔር አንድ አይደሉም እንዴ? ሁለቱም ሰማያዊ፣ ሁለቱም ከስሪላንካ።

አይደሉም። ሰንፔር አሉሚኒየምና ኦክስጅን ነው። ስፒኔል ላይ ማግኒዚየም ይገባል። ጥሬው ክሪስታልም መልኩ ሌላ ነው፤ ሁለት ፒራሚዶች መሠረት ለመሠረት የተጋጠሙ ይመስላል። ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የጥንካሬ መለኪያ ሰንፔር 9 ነው፣ ስፒኔል 8። ግን ስሪላንካ ውስጥ ራትናፑራ አካባቢ ሁለቱም ከአንድ ጠጠር ውስጥ ነው የሚለቀሙት፤ ቢምታቱ አይገርምም። የቀዩ ታሪክማ ይብሳል። በእንግሊዝ ዘውድ ፊት ለፊት ያለው «የጥቁሩ ልዑል ሩቢ» ሩቢ አይደለም፣ ቀይ ስፒኔል ነው። ፈረንሳዊው የማዕድን ሊቅ ሮሜ ደ ሊል እ.ኤ.አ. በ1783 ሁለቱን እስኪለያቸው ድረስ ነገሥታቱ ስፒኔል ይዘው ሩቢ ነው ሲሉ ኖረዋል።

ጥያቄ፦ ካማረ አማረ ነው። ባይነካካ ምን ይጨምርልኛል?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ገበያ ላይ ያለው ሰንፔር አብዛኛው በምድጃ ያለፈ ነው። በከፍተኛ ሙቀት ሲጠበስ ደመናው ይጠራል፣ ቀለሙ ይደምቃል። ሻጩ እስከተናገረ ድረስ ማጭበርበር አይደለም። ስፒኔል ላይ ግን እሳት ብዙውን ጊዜ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያመጣም። ስለዚህ በዚህ ድንጋይ ዓለም አሁንም ብዙው ቀለም የመሬቱ የራሱ ነው። እኔን የያዘኝ ይህ ነው። የማየው ሰማያዊ እዚያ ዓለት ውስጥ፣ ማንም ሳያየው የሆነ ሰማያዊ ነው። ከዚያ ወዲህ የጨመረበት ሰው የለም።

ነይ ልጄ፣ አንድ ነገር አብረን እንይ። የኔን ድንጋይ በ10 እጥፍ ሉፕ (በትንሿ የእጅ አጉሊ መነጽር) ስታዪው ከጠርዙ አጠገብ የጣት አሻራ የመሰለ ነገር አለ። ዓይንሽ ሲለምደው አሻራው ነጠብጣብ ነው። ነጠብጣቡ ደግሞ በረድፍ የተሰለፉ ደቃቅ ክሪስታሎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው እንደ ትልቁ ስፒኔል ስምንት ፊት አላቸው። በሆዱ የራሱን ትናንሾች ይዞ እንደማለት። «እንከን» ይሉታል፤ እኔ ግን ብዙ ጊዜ የማየው እሱን ነው። የተፈጥሮ ለመሆኑም አንዱ ጥሩ ምስክር እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ያሳየኸው ድንጋይ ግራጫ ይመስላል። ጉድለት አይደለም?

ብረት ነው። ሰማያዊ ስፒኔል ቀለሙን የሚያገኘው ከብረት ወይም ከኮባልት ነው፣ አንዳንዴም ከሁለቱም። ብረት ሲያመዝን ሰማያዊው ጭስ ነክ ይሆናል፤ ክረምት ላይ ዝናብ ሊመጣ ሲል እንጦጦ ላይ የሚወርደውን ቀለም አስቡት። ኮባልት ሲገባ፣ ጥቂቱም ቢሆን፣ ሰማያዊው ቦግ ይላል። ገበያው ለሁለተኛው እጅግ ብዙ ይከፍላል። እኔ ግን ግራጫ ነክ የሆነውን የምገዛው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ቶሎ አይሰለችም። የኔው ጠዋት መስኮት ላይ ሰማያዊ ነው። ማታ በድሮው ቢጫ አምፖል ሥር ደግሞ ወደ ሐምራዊ ያደላል። በነጭ ኤልኢዲ ካያችሁት ይህን ታጡታላችሁ።

ጥያቄ፦ «ኮባልት ስፒኔል» ብለው ሰማይ የነካ ዋጋ ጠሩልኝ። ልግዛ?

ያለ ላቦራቶሪ (ላብ) የምርመራ ወረቀት በፍጹም። ዝነኛው ኮባልት ስፒኔል የሚመጣው ሰሜን ቬትናም ካለው ሉክ የን ነው፤ አብዛኛው ትንሽ ነው፣ ንጹሕ ሆኖ አንድ ካራት ሲያልፍ ብርቅ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ገደማ ጀምሮ ደግሞ ሐመር ስፒኔልን ከኮባልት ጋር በኃይል እያሞቁ ቀለም የሚያስገቡበት ዘዴ ገበያ ገብቷል። ድንጋዩ የተፈጥሮ ነው፣ ሰማያዊው ግን የምድጃ ነው። ፈሳሽ ውስጥ ነክረው በብርሃን ሲያዩት ቀለሙ ስንጥቆቹ ላይ ተጠራቅሞ ይታያል።

ስለዚህ ወረቀቱን ስታነቡ ሁለት ነገር ለየብቻ ፈልጉ። አንደኛ፣ ስፒኔሉ የተፈጥሮ መሆኑ። ሁለተኛ፣ የማሞቅም ሆነ ሌላ የመነካካት ምልክት አለመታየቱ። ሻጮች የመጀመሪያውን ጮክ ብለው ያነቡላችኋል፤ ሁለተኛውን እናንተ ጠይቁ። ጂአይኤ፣ ጉቤሊን፣ ኤስኤስኢኤፍ እምነት የሚጣልባቸው ላቦራቶሪዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ እናቴ ከቤይሩት ባመጣችው ቀለበት ላይ «አኳማሪን» የተባለ ድንጋይ አለ። ወርቅ ሠሪው አይቶ ስፒኔል ነው አለኝ። ደስ ይበለኝ?

እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ሰው ሠራሽ ስፒኔል የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፈረንሳይ ውስጥ ሰማያዊ ሰንፔር በነበልባል ሊሠሩ ሲሞክሩ ኮባልት ጨመሩ፤ ቀለሙ አልዋሃድ ሲል ማግኒዚየም አከሉበት። የወጣው ሰንፔር ሳይሆን ስፒኔል ሆነ። ከዚያ ወዲህ ርካሹ ሰማያዊ ስፒኔል አኳማሪንም ሰንፔርም እየተባለ በየቀለበቱ ገብቷል።

እኔም ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሻጭ «የስሪላንካ ነው» ብሎ እንከን የለሽ ድንጋይ ሸጦልኝ ነበር። ላብ ልኬው ሰው ሠራሽ ሆኖ ተመለሰ። ለሳምንት ከፍቶኝ ነበር የከረምኩት። እና ድንጋይሽን አስመርምሪው፤ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ግን ቀለበቱን አታፍርሺው፣ የእናትሽ ጣት ላይ የኖረ ነው።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ እንዴት እለየዋለሁ?

ከሰንፔር መለየት ይቻላል። ዳይክሮስኮፕ የምትባል ትንሽ ቱቦ አለች። በሷ ድንጋዩን እያዞራችሁ ስታዩ ሰንፔር ሁለት ዓይነት ቀለም ያሳያል፣ ስፒኔል ከየትም ብታዩት አንድ ነው። ከሰው ሠራሽ መለየት ግን ይከብዳል። የብርሃን ስብራቱ በመሣሪያ ሲለካ የተፈጥሮው 1.718 አካባቢ፣ በነበልባል የተሠራው 1.728 አካባቢ ይመጣል። ልዩነቷ ይቺው ናት፤ ለላብ ተዉት።

ጥያቄ፦ ከአክሱም አካባቢ የመጣ ሰማያዊ ድንጋይ አለኝ። ስፒኔል ይሆን?

ከዚያ የሚመጣው ሰማያዊ ሰንፔር ነው፤ ብረት የበዛበት፣ ጠቆር ያለ፣ ባንድ በኩል ሲያዩት አረንጓዴ የሚጫወትበት። ዳይክሮስኮፑ ሁለት ቀለም ካሳየዎት፣ ጋሼ፣ ሰንፔርዎን ይዘዋል። ለምን ስፒኔል ይሁንልኝ ይላሉ?

ጥያቄ፦ ቀለበት ላይ ቢደረግ ይቋቋማል? እኔ የማውቀው የወሎ ኦፓልን ነው።

ከኦፓል ጋር አይወዳደርም። የወሎ ኦፓል ውሃ ይመጥጣል፣ ሳሙናና ሽቶ ያስፈራዋል። ስፒኔል ውሃ አይጠጣም፣ ባንድ አቅጣጫ የመሰንጠቅ ባሕርይም የለውም። ለብ ባለ ውሃ፣ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ እጠቡት። ወርቅ ሠሪው ቀለበቱን በእሳት ሲነካካ ብቻ ድንጋዩ ይውጣ።

ጥያቄ፦ ገንዘብ ማስቀመጫ ይሆናል?

ለትርፍ ከሆነ አልመክርም። ገዢ ማግኘት ወርቅ እንደመሸጥ ቀላል አይደለም።

ጥያቄ፦ ጀማሪ ነኝ፣ ከየት ልነሳ?

ግማሽ ካራት የምትሆን፣ ግራጫ ነክ፣ በደንብ የተቆረጠች አንዲት ድንጋይ ፈልግ። ከላይ ስታያት መሃሏ እንደ መስኮት ባዶ ሆኖ ከታች ያለው ጣትህ የሚታይ ከሆነ ተዋት። ገንዘብህን ሉፕ ላይም አውጣ፤ ባለ 10 እጥፉ ይበቃሃል። ከዚያ ለአንድ ወር ጠዋት ጠዋት መስኮት ላይ፣ ማታ አምፖል ሥር እያት። ሁለተኛዋን ከዚያ በፊት አትግዛ።